ሬዚስታንሱን አውጥታችሁ አትነሱ፣ ፓወሩንም አስሉ

የጥገና ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ጎረቤቴ የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ አመጣልኝ። ውስጡ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ ፋን አለው። የፋኑ ድምፅ እንዳይረብሽ ተብሎ ፍጥነቱን የሚቀንስ አንድ ሬዚስተር (ከረንትን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) በተከታታይ ተገጥሞለታል። ሬዚስተሩ ከሰል መስሏል። ዋጋውን የሚናገሩት የቀለም ቀለበቶች ጠቁረው አንዱ ከሌላው አይለይም። ቢጫ ይሁን ቡናማ፣ ሐምራዊ ይሁን ግራጫ፣ አጉሊ መነጽር ይዤም ሊገባኝ አልቻለም። ግን አልተበጠሰም። ሲበራ ፋኑ ይዞራል።

ቮልቴጅ፣ ከረንትና ሬዚስታንስ የሚለካውን መልቲሜትሬን አወጣሁ። በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ስለካ 5.4 ቮልት አሳየኝ። በመስመሩ የሚያልፈውን ከረንት ስለካ 115 ሚሊአምፔር ሆነ። 5.4ን ለ0.115 አካፈልኩ። 46.96 መጣ። 47 ኦም ማለት ነው። 47 ደግሞ ሬዚስተር ከሚመረትባቸው መደበኛ ዋጋዎች አንዱ ነው። የዚያን ቀን ደስታዬን እስከ ዛሬ አልረሳውም። መልኩ የጠፋ ዕቃ በሁለት ቁጥር ብቻ ማንነቱን ነገረኝ። ወዲያው አዲስ 47 ኦም በየድኩና ዕቃውን ለባለቤቱ መለስኩ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አዲሱም ከስሏል።

ስሌቴ አልተሳሳተም ነበር። ግማሽ ነበር እንጂ። እነዚያኑ ሁለት ቁጥሮች ባባዛቸው ኖሮ 5.4 × 0.115 = 0.62 ዋት ይመጣልኝ ነበር። እኔ የገጠምኩት ደግሞ 0.25 ዋት ብቻ የሚችለውን፣ የሩብ ዋቱን ነው። መሸከም ከሚችለው ሁለት ዕጥፍ ተኩል ገደማ ጫንኩበት። ከዚያ ወዲህ አንድ ሥርዓት ይዣለሁ። ቮልቴጁና ከረንቱ እጄ ከገቡ ሁለቱንም እሠራለሁ። አካፍላለሁ፣ ከዚያ አባዛለሁ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ ይህን ልማድ እንድትይዙት ከልቤ እፈልጋለሁ።

ማካፈሉና ማባዛቱ

ቮልቴጅ ÷ ከረንት = ሬዚስታንስ
ቮልቴጅ × ከረንት = ፓወር

ቮልቴጁ በቮልት፣ ከረንቱ በአምፔር ከሆነ ሬዚስታንሱ በኦም፣ ፓወሩ በዋት ይወጣል። ስሌቱ ይኸው ነው። ግን በቃል ከመሸምደድ ምን እየጠየቃችሁ እንደሆነ ማወቅ ይሻላል።

ስታካፍሉ የምትጠይቁት፣ «አንድ አምፔር ለማሳለፍ ስንት ቮልት አስፈለገ?» ብላችሁ ነው። 47 ኦም ማለት በዚህ ዕቃ ውስጥ እያንዳንዱን አምፔር ለማሳለፍ 47 ቮልት ያስፈልጋል ማለት ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዕቃው ለከረንት አስቸጋሪ ነው።

ስታባዙ ደግሞ የምትጠይቁት፣ «እዚህ ዕቃ ላይ በየሴኮንዱ ስንት ጉልበት እየቀረ ነው?» ብላችሁ ነው። ጁል የጉልበት፣ ኩሎምብ የቻርጅ መለኪያ ናቸው። ቮልት እያንዳንዱ ኩሎምብ ቻርጅ የሚያስረክበው ጁል ነው። አምፔር በሴኮንድ የሚያልፈው ኩሎምብ ነው። ሁለቱ ሲባዙ ጁል በሴኮንድ ይሆናሉ፤ እሱም ዋት ነው። ሬዚስተር ውስጥ ይህ ጉልበት ሙቀት ከመሆን ሌላ መሄጃ የለውም። የእኔ 0.62 ዋት ከስንዴ ፍሬ ብዙም በማይበልጥ አካል ውስጥ ሌት ተቀን ሙቀት ሲሆን ነበር።

አለካኩ ከስሌቱ ይከብዳል

ማካፈልና ማባዛት ካልኩሌተር ይሠራዋል። ሰው የሚሳሳተው ሲለካ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቮልቴጅ የሚለካው ዕቃው በቦታው እየሠራ፣ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በዕቃው ግራና ቀኝ በማስነካት ነው። ከረንት ግን እንደዚያ አይለካም። መስመሩ ይቆረጥና መልቲሜትሩ በመሃል ይገባል፤ ከረንቱ በራሱ በመልቲሜትሩ ውስጥ ማለፍ አለበት። ለዚህም ቀዩን ገመድ ከቮልት ቀዳዳ ነቅላችሁ ወደ አምፔር ቀዳዳ ታዛውራላችሁ።

አደጋው ያለው ከረንት ለክታችሁ ስትጨርሱ ነው። ቀዩ ገመድ አምፔር ቀዳዳ ላይ እንደተሰካ ረስታችሁ ቮልቴጅ ልለካ ብላችሁ ባትሪ ላይ ብታስነኩት፣ መልቲሜትሩ ያኔ እንደ ባዶ ሽቦ ነው፤ ሾርት ታደርጋላችሁ። ቢቀና ፊውዙ ይቃጠላል። ቤት መስመር ላይ ከሆነ ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል። እኔ ከረንት ለክቼ እንደጨረስኩ ሌላ ምንም ከመንካቴ በፊት ገመዱን ወደ ቮልት ቀዳዳ እመልሳለሁ። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። የ220 ወይም የ230 ቮልት መስመር ቆርጣችሁ መልቲሜትር በመሃል አታስገቡ። ለዚያ አንዱን ሽቦ ሳይቆርጥ ዙሪያውን አቅፎ የሚለካ ክላምፕ ሜትር አለ። እሱ ከሌላችሁ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ዋት አንብባችሁ ለቮልቴጁ አካፍሉት፤ ከረንቱ በግምት ይመጣላችኋል።

ሁለተኛው ነገር፣ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ሰዓትና የአንድ ዕቃ መሆን አለባቸው። አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት ተብሎ ስለተጻፈ 12 ብላችሁ አታስሉ። በተለይ የድሮዎቹ ከባድ ትራንስፎርመር ያላቸው አዳፕተሮች ምንም ሳይሰካባቸው ከተጻፈባቸው በጣም ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያሳያሉ፣ ጭነት ሲመጣባቸው ዝቅ ይላሉ። ዕቃው እየሠራ ለኩ። ኦም የሚባለው ጀርመናዊ፣ ይህን የማካፈል ሕግ በ1827 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ ያሳተመው፣ ይኸው ችግር ገጥሞት ነበር። በዘመኑ የነበሩት ባትሪዎች ቮልቴጃቸው አልረጋ ሲለው ትቷቸው ወደ ቴርሞካፕል ዞረ፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው በመጋጠሚያዎቹ የሙቀት ልዩነት ቮልቴጅ የሚሰጡበት ነው። አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውሃ፣ ሌላውን በሚቀልጥ በረዶ ይዞ የማይዋዥቅ ምንጭ አገኘ። ያንን ሳነብ ደነቀኝ። ሕጉ የተገኘው ምንጩ ከረጋ በኋላ ነው።

መልቲሜትሩ ኦም ይለካ የለም ወይ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለ47 ኦም፣ ለ10 ኪሎኦም፣ ኃይል አጥፍታችሁ ሬዚስተሩን አንድ ጫፉን ነቅላችሁ በኦም መለካት ይበቃል። ሆኖም ስሌቱ የሚበልጥባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

አንደኛው ሲሞቅ የሚለወጥ ዕቃ ነው። በክሩ የሚበራውን የ60 ዋት የ230 ቮልት አምፖል ከሶኬቱ ነቅላችሁ በኦም ብትለኩት ከ60 እስከ 70 ኦም አካባቢ ታገኛላችሁ። 230ን ለ65 ብታካፍሉ 3.5 አምፔር ይመጣል፤ ሲባዛ ከ800 ዋት በላይ። የ60 ዋት አምፖል 800 ዋት ሊሆን አይችልም። ነገሩ ወዲህ ነው። ክሩ ሲግል ሬዚስታንሱ ከአሥር ዕጥፍ በላይ ይጨምራል። እየበራ የሚያልፍበት ከረንት 0.26 አምፔር ነው፤ 230 ÷ 0.26 ደግሞ 885 ኦም ገደማ። ኦም ሜትሩ አልዋሸም፣ የለካው ግን የቀዘቀዘውን አምፖል ነው። አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሲበራ የሚቃጠለውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያዋ ቅጽበት የሚገባው ከረንት ከመደበኛው ብዙ ዕጥፍ ነው።

ሁለተኛው በጣም ትንሽ ሬዚስታንስ ነው። አንድ ጊዜ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ማብሪያ ማጥፊያው እየጋለ አስቸገረኝ። በኦም ስለካው 0.4 አለ። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ሳነካካቸውም 0.3 ይላል። ገመዶቹ የራሳቸው ሬዚስታንስ አላቸውና ልዩነቱን ማመን አልቻልኩም። ስለዚህ ፓምፑን አስነስቼ በማብሪያው ሁለት እግሮች ላይ ቮልቴጅ ለካሁ። ደህና ማብሪያ ሲበራ ዜሮ ሊባል የሚችል ነገር ማሳየት አለበት። የእኔው 0.9 ቮልት አሳየኝ። ፓምፑ የሚወስደው 6 አምፔር ነው። 0.9 ÷ 6 = 0.15 ኦም። ትንሽ ይመስላል። 0.9 × 6 = 5.4 ዋት። ይኼ ግን ትንሽ አይደለም። በአንዲት የፕላስቲክ ቁልፍ ውስጥ 5.4 ዋት! ከፍቼ ሳየው የነሐሱ መገናኛ ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ደግሞ ለስልሶ ጎብጧል።

ማካፈሉን ብቻ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ «0.15 ኦም ምን ያደርጋል» ብዬ ባለፍኩት ነበር።

ሚሊ የምትባለዋ

የእህቴ ልጅ ቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። 9 ቮልት፣ 18 ሚሊአምፔር፣ ሬዚስታንሱን አስሊ ይላል።

«ጋሼ፣ 0.5 ኦም ነው» አለችኝ።

«እስቲ ወደኋላ መልሺውና ሞክሪው» አልኳት። «0.5 ኦም ላይ 9 ቮልት ብትሰጪ ስንት አምፔር ያልፋል?»

ትንሽ አሰበች። «አሥራ ስምንት።»

«ሚሊ ነው ወይስ ሙሉ?»

ደብተሩን ወደራሷ ሳበችና 0.018 ብላ ጻፈች። 9 ÷ 0.018 = 500 ኦም።

ሚሊአምፔርን ወደ አምፔር ለመቀየር ለ1000 አካፍሉ። ወይም እኔ እንደማደርገው በሚሊአምፔር እንዳለ ተጠቀሙበት። ቮልት ለሚሊአምፔር ሲካፈል ኪሎኦም ይሰጣል። ቮልት በሚሊአምፔር ሲባዛ ሚሊዋት ይሰጣል። 9 ÷ 18 = 0.5 ኪሎኦም፣ 9 × 18 = 162 ሚሊዋት። ልጅቷ ያገኘችው 0.5 ቁጥሩ ልክ ነበር፣ ስሙ ነው የተሳሳተው። ለእሷ እንዳልኳት ለእናንተም እላለሁ፤ መልሱን መልሳችሁ አባዙትና ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር አስተያዩት።

የራሱን ቮልቴጅ ስጡት

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ይኼ ነው። ሬዚስታንስ ስታሰሉ የምትጠቀሙበት ቮልቴጅ በዚያው ዕቃ ላይ ያረፈው እንጂ የምንጩ ጠቅላላ ቮልቴጅ አይደለም።

በ5 ቮልት አንዲት ቀይ ኤልኢዲ ማብራት ፈለጋችሁ እንበል። ቀይ ኤልኢዲ ስትበራ ለራሷ 2 ቮልት ገደማ ትይዛለች። ለሬዚስተሩ የሚቀረው 3 ቮልት ነው። 15 ሚሊአምፔር እንዲያልፍ ከፈለጋችሁ 3 ÷ 0.015 = 200 ኦም። 5ን ብታካፍሉ ኖሮ 333 ኦም ይመጣና ኤልኢዲዋ ደብዘዝ ትል ነበር። በተለመደው የመደበኛ ዋጋዎች ዝርዝር ከ180 ቀጥሎ ያለው 220 ነው፤ ከፍ ያለውን መምረጥ ለኤልኢዲዋ ይሻላል። 220 ስታደርጉ ከረንቱ 3 ÷ 220፣ ወደ 13.6 ሚሊአምፔር ይሆናል። አሁን አባዙ፤ 3 × 13.6 = 41 ሚሊዋት። የሩብ ዋቱ 250 ሚሊዋት ስለሚችል እዚህ ምንም አይሆንም። እንግዲህ ያው ሩብ ዋት ፋኑ ጋ ከስሎ ኤልኢዲው ጋ ዕድሜውን ሙሉ ሊያገለግል ይችላል።

ኤልኢዲዋን ራሷን ግን 2ን ለ0.0136 አካፍላችሁ «ሬዚስታንሷ 147 ኦም ነው» አትበሉ። ለዚያች ነጥብ ብቻ የሚሠራ ቁጥር ነው። ከረንቱ ሲለወጥ ቮልቴጇ ብዙም ስለማይነቃነቅ ቁጥሩ አብሮ ይሸሻል። የሚባዛው ግን እዚህም ይሠራል፤ 2 × 13.6 = 27 ሚሊዋት እውነተኛ ፓወሯ ነው።

ሁለት አቋራጮች

አንዱን ቁጥር መለካት ካልቻላችሁ ከሬዚስታንሱ ጋር ሌላው ይበቃል።

ከረንት × ከረንት × ሬዚስታንስ = ፓወር
ቮልቴጅ × ቮልቴጅ ÷ ሬዚስታንስ = ፓወር

ከረንቱ ራሱን የሚያባዛ መሆኑን ልብ በሉ። ከረንት ዕጥፍ ሲሆን ሙቀት አራት ዕጥፍ ይሆናል። ጁል የሚባለው እንግሊዛዊ ይህን በ1841 እ.ኤ.አ. በሽቦና በውሃ ሞክሮ ያሳየው ነው።

የ2000 ዋት የ230 ቮልት የውሃ ማፍያ እንውሰድ። 2000 ÷ 230 = 8.7 አምፔር። 230 ÷ 8.7 = 26.4 ኦም። ቮልቴጁ ወደ 200 ቢወርድ ስንት ዋት ይሰጣል? 200 × 200 ÷ 26.4 = 1515 ዋት ገደማ። ቮልቴጁ በመቶ 13 ሲወርድ ፓወሩ በመቶ 24 ወረደ። ውሃው የሚዘገየው ለዚህ ነው።

አሁን የማፍያው ስፒና ሶኬቱ ውስጥ ላልቷል እንበል። በመገናኛው ላይ 0.5 ኦም ተፈጠረ። ከማፍያው 26.4 ጋር ሲደመር 26.9 ይሆናል፤ ከረንቱም በትንሹ ቀንሶ 8.5 አምፔር። 8.5 × 8.5 × 0.5 = 36 ዋት። እርሳስ የምናቀልጥበት መበየጃ 40 ዋት ነው። አንድ የጋለ መበየጃ ሶኬቱ ውስጥ ተወሽቆ እንደተተወ አስቡት። ማፍያው ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ውሃው ይፈላል። ፊውዙም አይወርድም፤ ከረንቱ እንዲያውም ቀንሷል። ስለዚህ ስፒና ስትነቅሉ እግሩ እጃችሁን ካቃጠለ ወይም ሶኬቱ ዙሪያው ቡና ዓይነት ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትሉ አስቀይሩት። እባካችሁ።

የኤክስቴንሽን ገመድም ስሌቱ ያው ነው። ስፋቱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የ20 ሜትር የመዳብ ገመድ፣ መሄጃና መመለሻው 40 ሜትር ስለሆነ፣ 0.46 ኦም ገደማ አለው። በ8.7 አምፔር 4 ቮልት ይበላል፣ 35 ዋት ያሞቃል። ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ በ20 ሜትር ላይ ስለሚበተን አትሰሙትም። ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ግን መውጫ ያጣል። ትልቅ ዕቃ ስታሠሩበት ገመዱን እስከ መጨረሻው ፍቱት።

አንድ ማሳሰቢያ። ሞተርና ትራንስፎርመር ባሉበት የቤት መስመር ላይ ቮልቴጅና ከረንት ማባዛት ዋት አይሰጥም፤ የሚሰጠው ቮልትአምፔር ነው። ሞተሩ ላይ ፓወር ፋክተር ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር አባዙበት። ለምሳሌ በ230 ቮልት 2 አምፔር የሚወስድ፣ ፓወር ፋክተሩ 0.7 የሆነ ሞተር፣ 230 × 2 × 0.7 = 322 ዋት። ሂተር፣ ምድጃና ክር ያለው አምፖል ላይ ግን ይህ አያሳስብም።

ወደ ፋኑ ስንመለስ

ስሌቱ 0.62 ዋት ካለ የ0.62 ዋት ዕቃ አይገዛም። ቢያንስ ዕጥፉን የሚችል እመርጣለሁ፤ አየር በማይገባበት ሳጥን ውስጥ ከሆነ ከዚያም በላይ። ለዚህ ፋን የሚሆነው የ2 ዋት ሬዚስተር ነበር። የዚያን ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ያሉት ግን ሁሉም ሩብ ዋት ናቸው።

አራት 47 ኦም አወጣሁ። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አገናኘሁ፤ እያንዳንዱ ጥንድ 94 ኦም። ሁለቱን ጥንዶች በትይዩ፣ ማለትም ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ከረንቱ ለሁለት ስለሚከፈል እንደገና 47 ኦም ሆኑ። ከቦርዱ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጌ አየር በሚያገኙበት በኩል በየድኳቸውና አበራሁ። በአንዱ ሬዚስተር ላይ ለካሁ፤ 2.7 ቮልት። በአንዱ ጥንድ የሚያልፈው 57.5 ሚሊአምፔር። 2.7 ÷ 0.0575 = 47 ኦም። ከዚያ አባዛሁ፤ 2.7 × 57.5 = 155 ሚሊዋት። ሩብ ዋቱ 250 ይችላል፤ ዕጥፍ ባይሆንም አየር ስለሚያገኝ ይበቃዋል። ግማሽ ሰዓት ካስኬድኩት በኋላ በጣቴ ነካሁት። ሞቅ ብሏል፣ አያቃጥልም። ክዳኑን ዘጋሁ።